የቅድስት ሐና ግራ ቅንድብ

በቅድስት ሐና በዓል ጠዋት ዶሚንጋ ከሥዕሎቿ ሁሉ ትልቁንና ምርጡን ፊቱን ወደ ሽቦው አዙራ ሰቀለችው።

ቦታው ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለው የቅርጫት ኳስ ሜዳ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ስላለው በማሊናው ከተማ ሠርግም፣ ስብሰባም፣ የውሻ ክትባትም፣ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ የሥዕል ትርኢትም የሚካሄደው እዚያው ነው። ሥዕሎቹ ከኳሱ ቅርጫት ሥር በተዘረጋ የሽቦ አጥር ላይ ይሰቀላሉ። በግራ በኩል የተጠበሰ በቆሎ፣ በቀኝ በኩል ፊኛ ይሸጣል። የሥዕል አዳራሽ አይቶ የሚያውቅ ሰው ቢስቅ አይፈረድበትም። ዶሚንጋ ግን ከዚህ የሚበልጥ አዳራሽ አይታ አታውቅም፤ አይቼ ባውቅ ኖሮ ብላም ተመኝታ አታውቅም።

ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። አባቷ በሐይቁ ዳር በየጀልባው ላይ ስም የሚጽፍ ሰው ነበር። እሱ ፊደሉን ይጽፋል፣ ከፊደሉ ጎን የምትዋኘውን ዓሣ እሷ ትስላለች። ሰባት ዓመት ሲሞላት ዓሣ አጥማጆቹ ለአባቷ፣ «ስሙ ቢቀርም ግድ የለም፣ ልጅቷ ዓሣዋን ታድርግልን» ማለት ጀመሩ። አባቷ ተቀይሞ ሁለት ቀን አኮረፈ፤ በሦስተኛው ቀን የራሷን ብሩሽ ገዛላት።

በሐይቁ ዙሪያ ያሉ ከተሞች ሁሉ የየራሳቸው በዓል አላቸው። አንዱ ለዳክዬ እንቁላል ይደግሳል፣ አንዱ ለባርኔጣ፣ አንዱ ለአናናስ። ዶሚንጋ አንዱም አያመልጣትም። ሥዕሎቿን በአሮጌ መጋረጃ ጠቅልላ፣ በመንገደኛ ጂፕ ላይ ተሳፍራ፣ እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ አስቀምጣቸው ትሄዳለች። «አቴ፣ እዚያ መጋረጃ ውስጥ ስንት ሰው ነው የደበቅሽው?» ይላታል ሾፌሩ፤ ታላቅ እህቱ ባትሆንም አቴ ነው የሚላት፣ ከተማው ሁሉ እንደሚላት።

በዳክዬ እንቁላል በዓል ላይ አንዲት ሴት አንዱን ሥዕል ፈዛ ስታይ ቆየችና፣ «ፍሬሙን ብቻ ትሸጪልኛለሽ?» አለቻት። በአናናሱ በዓል ዝናብ ሲመጣ አንድ ሰውዬ ሥዕል አንስቶ ራሱ ላይ ደፋው። ሲያባራ መለሰላት፤ አመስግኖ። ዶሚንጋ በዚህ አትቀየምም። በቆሎውን እየጋጠ የሚያልፍ ሰው ድንገት ሥዕል ዓይኑ ውስጥ ገብቶ መንጋጋው የሚቆምባት አንዲት አፍታ አለች። የምትዞረው ያቺን አፍታ ፍለጋ ነው። በአንድ በዓል ሁለቴ ካገኘቻት ወደ ቤቷ የምትመለሰው እየዘፈነች ነው።

ያን ጠዋት ግን ያቺን አፍታ ፈራቻት።

ነገሩ የተጀመረው በጥር ወር ነው። የከተማው ጠባቂ የሆነችው የቅድስት ሐና የእንጨት ምስል ፊቷን ምስጥ በላው። አባ ሲልቬስትሬ ከዋናው ከተማ ባለሙያ ለማስመጣት ጠይቀው ዋጋው የሚቀመስ ሳይሆን ሲቀር፣ «ምን እንቸገራለን፣ ዶሚንጋ አለች አይደል» አሉ። ዶሚንጋ ምስሏን በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ጠረጴዛ ላይ በጀርባዋ አጋደመቻት። የተበላውን ጉንጭና ግንባር በሳጋቱራና በኮላ ሞላች፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰች፣ ቀለም ቀባች። ሁለት ሳምንት ሠራች። ሥራው እንደዚያ ቀሏት አያውቅም፤ እጇ መንገዱን ቀድሞ የሚያውቅ ይመስል ነበር።

የተጋደመ ፊት ግን የቆመ ፊት አይደለም። በጀርባዋ የተኛችው ሐና ማንንም አልመሰለቻትም። ቀለሙ እንደደረቀ በነጭ ጨርቅ ተሸፈነች፣ ከዚያም ለአልባሿ ለሎላ ካንዲዳ ተሰጠች። በማሊናው ምስሏን የማልበስ መብት የአንድ ቤተሰብ ነው፤ የቤተሰቡ ታላቅ ደግሞ የሰማንያ ስምንት ዓመቷ አሮጊት፣ የከተማው ሁሉ አያት፣ ሎላ ካንዲዳ ናቸው። መጋረጃ ጋርደው ያለብሷታል፣ ጸጉር ይሠሩላታል። አንዴ ከለበሰች በኋላ ከእሳቸው በቀር የማንም እጅ አይነካትም።

ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት ዶሚንጋ ሻማ ልታበራ ገባች። ሐና ለብሳ፣ አጊጣ፣ በአበባ በተሞላው መሸከሚያዋ ላይ ቆማለች። ዶሚንጋ ቀና ብላ አየቻት። የሐና ግራ ቅንድብ ብቻውን ወደ ላይ ወጥቷል። የእመቤታችን እናት «በዚህ ዋጋ ካልፈለግሽ ተይው» በሚል ዓይን ቁልቁል እያየቻት ነው።

ቤታንግ ናት! ቁርጥ ቤታንግ!

ቤታንግ ከዶሚንጋ ቤት ፊት ለፊት የምትኖር ዓሣ ሻጭ ናት። ድምጿ ሐይቁን ተሻግሮ ይሰማል። ካርታ ትጫወታለች፣ አፏ ስድብ አይፈራም፣ ሚዛኑን በአውራ ጣቷ ትረዳዋለች የሚሉም አሉ። ደንበኛ ዋጋ ሲቀንስባት ግራ ቅንድቧ ይነሳል። ዶሚንጋ ይህችን ሴት ሃያ ዓመት ስላታለች፤ መስኮቷን በከፈተች ቁጥር እዚያ የምትገኝ እሷ ስለነበረች። ዘንድሮም ሦስት ወር ሙሉ አስቀምጣ፣ ሚዛን በእጇ አስይዛ፣ ከሳለቻቸው ሁሉ የሚበልጠውን ሥዕል ሠራች። ሐናን ባየችበት ቀን ዶሚንጋ ሻማዋን ሳታበራ ወጣች። ከዚያ ወዲህ እህል ከጉሮሮዋ አልወርድ አለ።

ማሊናው ይህን ያልፈዋል? ሠላሳ ዓመት «የኛ ሠዓሊ» ሲላት የኖረ ከተማ፣ ቅድስታችንን ዓሣ ሻጭ አደረገችብን ብሎ ከዚህ ጣሪያ ሥር ቢያስወጣት የት ትሰቅላለች? ቤታንግስ የገበያ መሳቂያ መሆኗ አይደል? ሁለቱ ፊቶች ጎን ለጎን ካልታዩ ግን ማንም ላያስተውል ይችላል። የሐና ሰልፍ ከቅዳሴ በኋላ በሜዳው ደጅ ያልፋል። ሥዕሉን ወደ ሽቦው ያዞረችው ለዚህ ነበር።

«አቴ ኢንጋ!»

ቤታንግ ናት፤ ዶሚንጋን ኢንጋ ብላ የምታቆላምጣት እሷ ናት። አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀብታ፣ ስድስት የዓሣ ገበያ ሴቶች አስከትላ መጣች።

«ያው መጣን! ሥራ ዘግተን ነው የመጣነው። የት ነው ያለሁት?»

«ገና ነው… ቀለሙ አልደረቀም» አለች ዶሚንጋ።

«እኔ ሦስት ወር ተቀምጬ ደርቄልሽ፣ ቀለሙ አልደረቀም?»

«አስቀያሚ አድርጋ ስላት አፍራ ይሆናል» አለች አንዷ ገበያተኛ።

«አስቀያሚ ለማድረግ ምን ድካም አለው፣ እንዳለች መሳል ነው እንጂ!» አለች ሌላዋ። ስድስቱም ተንከተከቱ።

ቤታንግ አልሳቀችም። ጀርባውን የሰጠውን ሥዕል አየችው፤ ከዚያ ዶሚንጋን አየቻት። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ «አሳፈርኩሽ እንዴ?» አለች።

በሃያ ዓመት ጉርብትና ዶሚንጋ ቤታንግ ቀስ ብላ ስትናገር የሰማችው ያኔ ብቻ ነው። ሁለት ቀን ያብሰለሰለችው ፍርሃት ሁሉ ከዚያ ድምፅ ፊት አነሰባት። ሥዕሉን አውርዳ ገለበጠችና ፊቱን ወደ ሰው አድርጋ ሰቀለችው።

ገበያተኞቹ ጠጋ አሉ። በሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት እጇ የዓሣ ቅርፊት እንደ ብር ያብለጨልጭበታል፣ ሚዛኗ ቀጥ ብሏል፣ ቅንድቧ ተነስቷል። ከቅንድቡ ሥር ግን ዓይኗ ለዓለሙ ሁሉ የሚያዝን ነው።

«እንዲህ ነው የምታዪኝ?» አለች ቤታንግ።

«እንዲህ ነሽ።»

ዝናቡ የመጣው በዚህ መሃል ነው። የማሊናው የሐምሌ ዝናብ በር አያንኳኳም፤ ገንጥሎ ነው የሚገባው። ቅድስት ሐናን ደግሞ ዝናብ አይነካትም፤ ከመጣ ሰልፉ ወደ ቀረበው ጣሪያ ይሮጣል። ዶሚንጋ ይህን ልማድ ከልጅነቷ ጀምራ እያወቀችው እንዴት እንደረሳችው እስከ ዛሬ ይገርማታል። መለከት ነፊው፣ ከበሮ መቺው፣ አባ ሲልቬስትሬ፣ ሻማ የያዙ ሴቶች ሁሉ ጎርፍ እንዳባረረው ወደ ሜዳው ግር አሉ። ሸካሚዎቹ ባዶ ቦታ ፈልገው ምስሏን ከሽቦው አጥር ፊት ለፊት፣ ከሥዕሉ ሁለት ክንድ ላይ አኖሯት።

ሐና ቤታንግን አየች። ቤታንግ ሐናን አየች። በሥዕሉ ያለችው ሁለቱንም አየች። ሦስት ግራ ቅንድቦች ወደ ላይ ወጥተው ቀሩ።

«ኧረ ጉድ!» ጮኸች አንዷ ገበያተኛ። «ቤታንግ፣ አንቺን እኮ ነው የተሸከሙት!»

መለከቱ መሃል ላይ ተቆረጠ። አባ ሲልቬስትሬ መነጽራቸውን አወለቁ፣ የዝናቡን ጠብታ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ምስሏን፣ ሥዕሉን፣ ሴትዮዋን ተራ በተራ አዩ።

«ዶሚንጋ» አሉ። «ምንድን ነው የማየው?»

«አባ፣ ሳላውቀው ነው። እምልልዎታለሁ፣ ሳላውቀው ነው። እጄ ነው…» እንባዋ ቀደማት።

«ምን ያስለቅስሻል አንቺ?» የሚል ቀጭን ድምፅ ከሸካሚዎቹ ኋላ መጣ። ሎላ ካንዲዳ ናቸው፤ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የሐናን ቅያሪ ነጠላ በጉያቸው ይዘው። «እኔ የመጀመሪያ ቀን ጨርቁን ገልጬ ፊቷን ስነካ ‹እንደምን አደርሽ ቤታንግ› ነው ያልኳት።»

«ያውቁ ነበር ሎላ?»

«ስድሳ ዓመት ያለበስኳት ሴት ፊቷ ሲለወጥ አላውቅም? የደከመው ዓይኔ ነው፣ እጄ አልደከመም። ጉንጯን ስዳብስ ለየኋት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ብነግርሽ ትፍቂዋለሽ። ፍቀሽ ደግሞ ማንን ልታመጪብን ነበር? የጂፑን ሾፌር?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ሎላ ካንዲዳ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ለመሆኑ ምስጥ የበላው ፊት የማን መሰላችሁ? የአክስቴ የሲድራ ነው! ከጦርነቱ በኋላ ምስሏን ያደሰው ሠዓሊ አክስቴን ካላገባሁ ብሎ ሦስት ዓመት ደጃችን ተመላልሷል። እምቢ አለችው። ሰውየው እጁ ሌላ ፊት አልሠራ አለው። እናንተና እናቶቻችሁ ተንበርክካችሁ የለመናችሁት ሲድራን ነው። አልሰማችኝም ያለ አለ? የለም! ሐናስ ብትሆን በጊዜዋ የአንድ መንደር ሴት አልነበረችም? ጎረቤቶቿ ዛሬ ቢመጡ፣ እነሱም ፊቷን አይተው ‹ውይ፣ እሷ እኮ ናት› ነው የሚሉት።»

ዶሚንጋ የአባን ፊት ታያለች። የአባ ጉንጭ ተወጠረ፣ ጺማቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሳቁ ፈንድቶ ወጣ።

«ቤታንግ» አሉ ሲረጋጉ፣ «ለመሆኑ ቤተ ክርስቲያን ካየሁሽ ስንት ጊዜ ሆነኝ?»

«ምን መምጣት ያስፈልገኛል አባ፣ ራሴ እዚያ ቆሜ የለ!»

የቆርቆሮው ጣሪያ ከላይ በዝናብ፣ ከታች በሳቅ ተመታ።

«እንግዲህ ሚዛኑ ላይ ጣትሽን ብታሳርፊ አለቀልሽ!» አለች አንዷ ገበያተኛ።

ቤታንግ አፏን ከፈተች። ስድቡ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ሁሉም አየው። ቀና ብላ ሐናን አየቻት። አፏን ገጠመች፣ ዋጠችው።

«ተበላሸሁ» አለች በሐዘን። «በቃ ተበላሸሁ።»

ዶሚንጋ የበቆሎ ሻጩ ሳጥን ላይ ዘፍ አለች። ሁለት ቀን ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ተነስቶ ሲሄድ በሰውነቷ አወቀችው። ዝናቡ የሚያምር ድምፅ አለው። የበቆሎው ሽታ ደስ ይላል። እንዴት እስካሁን አልሰማሁም፣ አልሸተተኝም ነበር አለች። ሰዎች ከምስሏ ወደ ሥዕሉ፣ ከሥዕሉ ወደ ምስሏ ይመላለሳሉ። በቆሎ የያዙ ሁሉ መንጋጋቸው ቆሟል። ልትቆጥራቸው ጀመረችና አሥር ላይ ስትደርስ ተወችው።

«ራበኝ» አለች ለራሷ፣ እንደ አዲስ ወሬ።

ቤታንግ ከዘንቢሏ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ጣፋጭ ሩዝ አወጣች፣ ቅጠሉን ላጠችና እጇ ላይ አኖረችላት። «ብዪ። ይቺ ሴት ደግሞ ሳትበላ ነው እንዴ የቆየችው? ፊትሽን እዪው እስቲ! እንኳን ለሐና የራስሽን ፊት አልሳልሽላት።»

ዶሚንጋ ጎረሰች። ሩዙ ሞቅ ያለና ጣፋጭ ነው፤ እንባና ሳቅ አብረው መጡባት። በደጅ ዝናቡ አባርቶ አስፋልቱ ማብረቅ ጀመረ። መለከት ነፊው ካቆመበት ቀጠለ፣ ሸካሚዎቹ ትከሻቸውን አስገቡ፣ ሐና ከፍ አለች። የመሸከሚያው ጫፍ ወደ ኳሱ ቅርጫት ሲቃረብ ዶሚንጋ ሩዙን በጉንጯ እንደያዘች ተነስታ ጮኸች፤

«ዝቅ! ዝቅ አድርጓት! ቅንድቧን እንዳታስነኩብኝ!»