ለጓደኛዬ ነው የመጣሁት

ወንድሞቿ በልጅነቷ «ቁንጫ» ያሏት ያለ ምክንያት አልነበረም። አንድ ቦታ አትረጋም፤ ለምሳ ተቀምጣ እንኳ ደጋግማ ትነሳለች። አድጋ የሥነ ልቦና አማካሪ ስትሆን እናቷ፣ «ቁጭ ብሎ ሰው ማዳመጥ? ይቺ ልጅ? እስቲ እናያለን!» ብለው ስቀዋል። አሁንም ቢሆን ፊቷን እንደ ረጋ ውሃ አድርጋ ትቀመጥና ከጠረጴዛው ሥር እግሯ ብቻውን ይጨፍራል። የሚመጡት ሰዎች አያዩትም እንጂ አንድ ጫማዋ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው በዚህ ነው።

እንዲህ ዓይነቷ ሴት በትዕግሥት ስም ማትረፏ ነው የሚገርመው። ሥራ ስትጀምር ግማሾቹ ባለጉዳዮች በሩን ገፋ አድርገው የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ «እኔ እንኳን ደህና ነኝ፣ ለጓደኛዬ ነው የመጣሁት።» አንዱ ለጎረቤቱ፣ አንዷ ለአክስቷ ልጅ ይመጣሉ፤ የሌላውን ጭንቀት ሲናገሩ ግን የሚጠርጉት የገዛ ግንባራቸውን ነው። እሷም ችኩል ናትና፣ «ይህ ጓደኛ እርስዎ ይሆኑ እንዴ?» ትል ነበር። እንዲህ የተባለ ሰው ተመልሶ አይመጣም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ለእሷ የሚለቀም እንኳ አልተረፋትም።

ከዚያ ወዲህ ተማረች። ጓደኛ የተባለውን እንደ እውነተኛ ሰው ትቀበለዋለች። እንቅልፉን ትጠይቃለች፣ ምግቡን ትጠይቃለች፣ «እንዲህ ብለው ይንገሩት» ብላ ምክሩን አስይዛ ትሸኛለች። ሰው ሀፍረቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ያስፈልገዋል ብላ ታምናለች። ጊዜው ሲደርስ ባለቤቱ ራሱ ይናገራል። ባልደረቦቿ «የጓደኞች ሐኪም» እያሉ ይቀልዱባታል፤ እሷም በዘዴዋ ትኮራለች። እውነቱን ለመናገር ትንሽ አብዝታ ትኮራለች።

ቀለም ቀቢው የመጣው በዚህ ኩራቷ መሃል ነው። ጥፍሩ ሥር ነጭ ቀለም የማይጠፋ ጎልማሳ ነው። ገና ሳይቀመጥ፣ «ጓደኛዬ ግንበኛ ነው» አለ። «ሕንጻ ላይ ሲሠሩ ታናሽ ወንድሙ ከመወጣጫው ወድቆ ሞተበት። መወጣጫውን ያሰረው ደግሞ ራሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው አያናግርም፣ ደረጃ የሚባል ነገር አይወጣም።»

አማካሪዋ በልቧ «እሺ፣ ግንበኛዬ» አለች። የእጁን ቀለም አይታለች፤ ሰው ሲደበቅ ሙያውንም ይደብቃል አለች። ቢሮዋ እስካለበት ሦስተኛ ፎቅ በእግሩ መውጣቱንም አይታለች፤ ይህንን «ለውጥ አለው» ብላ ያዘችው። ሰው ማየት የሚፈልገውን ብቻ ካየ ዓይን ምን ያደርግለታል!

በየሳምንቱ መጣ። መቀመጥ አይሆንለትም። ሁለት ቃል ይናገርና ተነስቶ በመስኮቱ ወደ ታች ያያል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይነሳል። ቁንጫ ቁንጫን ታውቃለችና አልተቆጣችውም፤ መሸሽ አምሮት ነው ብላ አለፈችው።

«ጥፋቱ የእሱ ብቻ እንዳልሆነ ይንገሩት» ትለዋለች።

«ነገርኩት እኮ።»

«ምን አለ?»

«ምን ይላል፣ ዝም ነው።»

«ጊዜ ይስጡት።»

«ጊዜ ያለው አልመሰለኝም፣ እህቴ።»

ይህን ባለ በሳምንቱ ሲገባ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «ቱንቢውን ለቀን ሠራተኛ ሰጠው» አለ። «ግንበኛ ቱንቢውን ሰጥቶ በምን ግድግዳ ያቃናል? መዶሻውንም ሰጠ። ጃኬቱን ሳይቀር ሰጠ።»

አማካሪዋ ክው አለች። ዕቃውን እያከፋፈለ የሚጨርስ ሰው ምን ሊያስብ እንደሚችል ሙያዋ አስተምሯታል። ዝም ብላ ብትሸኘው ሰውየውን ዳግመኛ ላታየው ትችላለች፤ ፊት ለፊት ብትጠይቀው ደግሞ እንደ ድሮዎቹ ሸሽቶ ሊቀር ነው። ፈራች። ቢሆንም፣ «ጋሼ፣ ራስዎን ማጥፋት አስበዋል?» አለችው።

«እኔ?» አለና ዓይኑ ፈጠጠ። እንደ ልማዱ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ወደ ታች አየ፤ ግራ ቀኙን አየ፤ ከዚያ መስታወቱን በሁለት እጁ ደገፈ። «ሄዷል!» ብሎ ጮኸ።

«ማን ነው የሄደው?»

«ጓደኛዬ ነዋ! ስንቴ ልንገርሽ? በየሳምንቱ እዚያ አጥሩ ሥር ነው የማቆመው። ደረጃ አይወጣልኝ! ‹አሞኛል፣ ሐኪም ጋ ሸኘኝ› እያልኩ በውሸት ነው የማመጣው። እዚህ ሆኜ እንኳ ዓይኔን ከእሱ አልነቅልም። አብሬው እኮ ነው የማድረው፤ ብቻውን ልተወው እንዴ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት፤ ለዚያም ጊዜ አልነበረም። ሥጋና ደም ያለው ጓደኛ መስኮቷ ሥር ቆሞ ሲጠብቅ፣ እሷ ከላይ ሆና «ጊዜ ይስጡት» ስትል ከርማለች። በሩን በርግዳ እግሬ አውጪኝ አለች። ቀለም ቀቢው ከኋላዋ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ።

ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ሰው አገኙ። የደረጃውን ብረት በሁለት እጁ ጨብጧል፣ ዓይኑን ጨፍኗል፣ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ቀለም ቀቢው ደረጃው ላይ ቁጢጥ አለ።

«ቆየህብኝ» አለ ግንበኛው ዓይኑን ሳይገልጥ። የጓደኛውን ኮቴ ያውቀዋል። «ዛሬ ፊትህ ልክ አልነበረም። ምን ሆንክብኝ?»

አማካሪዋ «የታመሙትስ እርስዎ ነዎት» ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። «ጓደኛዎ ደህና አይደለም» አለች። ይህ ደግሞ ውሸት አልነበረም። «ለእሱ ሲሉ ከእኛ ጋር ወደ ላይ ይውጡ። እንይዝዎታለን።»

በቀኝና በግራ ይዘውት ወጡ። አንድ ደረጃ ይወጣል፣ ይቆማል፣ ይተነፍሳል። ክፍሉ ገብቶ ሲቀመጥም የወንበሩን ጠርዝ አልለቀቀም። በሩን ክፍት ተወችለት። ቀለም ቀቢው እንደ ልማዱ ወደ መስኮቱ ሊሄድ ተነሳና፣ የሚያየው ሰው አጠገቡ መሆኑ ትዝ ሲለው ተመልሶ ተቀመጠ።

«ስለ እሱ ይንገሩኝ» አለች ለግንበኛው።

«አይተኛም» አለ ግንበኛው። ድምፁ ብዙ ቀን ያልተናገረ ሰው ድምፅ ነው። «የተኛሁ ይመስለዋል እንጂ አየዋለሁ። ቁልፉን ኪሱ ከቶ፣ ወንበሩን በሩ ላይ አስጠግቶ ሲቀመጥ ነው የሚነጋው። ሥራውንም ትቷል። እንዲህ ከቀጠለ ያልቅብኛል።»

«በሩን ለምን ይጠብቃል?»

ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። ዝምታውን በአንድ ነገር ልትሞላው ምላሷን በላት፤ ጥርሷን ነክሳ ያዘችው። ቀለም ቀቢው አንገቱን ደፍቷል።

«ወጥቼ እንዳልሞት ነው» አለ ግንበኛው።

ቀለም ቀቢው ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ጠረጴዛው ላይ ሊያስቀምጠው እጁን ዘረጋና ጓደኛውን አየት አደረገው፤ ከዚያ «ገና ነው» ብሎ መልሶ ኪሱ ከተተው።