ሣህሉ ያሠለጠነው አስታማሚ

ሣህሉ ድሬዳዋ የባቡር ጋራዥ ውስጥ በያጅ ነበር። አረቄ ቤት ተደባድቦ የሰው ዓይን በማጥፋቱ አምስት ዓመት ተፈርዶበት በስድሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ወህኒ ወረደ። አረቄው ሲቋረጥበት ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይታየዋል። እስረኛው ሁሉ ሳቀበት። ቡራሌ የሚባል የኮንትሮባንድ እስረኛ ብቻ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ እያጠጣ አምስት ቀን አስታመመው።

ሣህሉ ከዳነ በኋላ ያንኑ ለሌሎች ያደርግ ጀመር። እንደሱ ከአረቄ የተላቀቀውን ወልደጻድቅንም አሠለጠነ። ወልደጻድቅ የቀበሌ ሱቅ ጸሐፊ የነበረ፣ አንደበተ ለስላሳ ወጣት ነው።

"አትቆጣው፣ አትምከረው። እጁን ያዝና አድምጥ። ሲቃዥ የሚለውን ግን እዚያው ጣለው" ይለዋል።

"እሺ ጋሽ ሣህሉ።"

በሰባ ዓመተ ምሕረት ዓምራን የሚባል የከዚራ ሰፈር ልብስ ሰፊ ሰክሮ ፖሊስ ሰድቦ ታሰረ። በሁለተኛው ቀን መቃዠት ጀመረ። ወልደጻድቅ ከራስጌው ሳይለይ ላቡን ይጠርግለታል፣ ያባብለዋል። ዓምራን ታናሽ ወንድሙን እየጠራ፣ "ከጣሪያው አትውረድ፤ እህታችን ምግብ ታመጣልሃለች" ይላል። ወንድሙ በፀረ አብዮተኝነት መፈለግ ከጀመረ ዓመት አልፎታል።

በስድስተኛው ቀን ዓምራን ወደ ልቡ ተመለሰ። ወልደጻድቅን የላከለትን የሣህሉን ጉልበት ስሞ አመሰገነው። በማግስቱ ግን ስንቅ ይዛ የመጣችው እህቱ ሳትሆን ጎረቤት ነበረች። እንደነገረችው፣ አብዮት ጠባቂዎች ወንድሙን ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ ከእህቱ ጣሪያ አውርደው በሩ ላይ ረሽነውታል። እህቱንም ወስደዋታል።

ሣህሉ ወልደጻድቅን ከውኃ ቧንቧው አጠገብ ያዘው።

"አንተ ነህ የነገርካቸው?"

"የወህኒ ቤቱ ኃላፊ እፈታሃለሁ አለኝ፣ አቦ። ልጄ የተወለደችው ከታሰርኩ በኋላ ነው። አንድ ቀን እንኳ አላየኋት። ደግሞስ አድምጥ ያልከኝ አንተ አይደለህም?" አለው።

ወልደጻድቅ በሳምንቱ ተፈታ። ዓምራን ሣህሉና ወልደጻድቅ አንድ ናቸው ብሎ ደመደመ። ሣህሉ ሊያስረዳው ቢጠጋ ፊቱ ላይ ተፋበት።

ከዚያ ኃላፊው ሣህሉን አስጠራው።

"እንደ ወልደጻድቅ ያሉ ሦስት ሰዎች አሠልጥንልኝ።"

"አልችልም፣ ጓድ።"

ውስጥ እግሩን ገረፉት። ሁለት ወር በዳዴ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ማንንም አላሠለጠነም። የሚንቀጠቀጥ እስረኛ ሲመጣ ብቻውን ያስታምማል፤ መቃዠት ሲጀምር ግን ቃሉ ለሌላ ጆሮ እንዳይደርስ አፉን በጨርቅ ያፍነዋል። በሽተኞቹ ይታገሉታል፣ ይነክሱታል። አንደኛው ትንፋሽ አጥሮት ሊሞትበት ነበር፤ ሣህሉ ጨርቁን አንሥቶ ሁለቴ አስተነፈሰውና መልሶ አፈነው። ሰውየው ዳነ። ተፈትቶ ሲወጣ ግን የድሬ ሰው ሁሉ ሣህሉን እንዲያውቀው፣ "ወህኒ ቤት ሰው የሚያፍን አውሬ አለ" እያለ አወራ።