ተራ አየር፣ የበለፀገ አየር

ናይትሮጂን ጥልቅ ውሃ ውስጥ ሰውን የሚያሰክረው ለምንድን ነው? ዛሬም አላውቅም። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ የምተነፍሰው አየር አብዛኛው እሱ ነው፤ አንድም ቀን አላሰከረኝም።

ታናሽ ወንድሜ ጠላቂ ነው፤ ግድብ ውስጥ እየገባ ይጠግናል። ሙያውን የለመደው ከሰው አይቶ ነው። አሠሪዎቹ «የበለፀገ አየር» የሚሞላባቸው አዲስ ሲሊንደሮች ከነመጽሐፋቸው ሲያስመጡ፣ መጽሐፉን እኔ ጋ ጥሎት ሄደ።

«በስተርጅና የተማርሽው አንቺ፤ አንብቢልኝ።»

አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩት ልጆች ካሳደግኩ በኋላ ነው። መዝገበ ቃላት ይዤ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። በመጣ ቁጥር «እሺ፣ ምን ይላል?» ሲለኝ «ገና ነኝ» እለዋለሁ። የስካሩ ምክንያት አልገባኝም ነበር፤ ግማሹን የማላውቀውን ነገር ደግሞ አላወራም።

አንድ ቅዳሜ ውሃ ጠፍቶ ጄሪካን ሲያወጣልኝ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ አለከለከ።

«እትዬ፣ ከውሃ ሥር መግባት ይሻላል ውሃ ከመሸከም። በሚቀጥለው ሳምንት አርባ አምስት ሜትር ልወርድ ነው።»

«በየትኛው አየር?»

«በበለፀገው ነዋ። የበለፀገ እያለ ተራውን ምን አደርገዋለሁ?»

በዚህ ቃል ቢታለል ማን ይፈርድበታል? በአማርኛ የበለፀገ ነገር ጎድቶ አያውቅም። እስከዚያ ቀን ደግሞ የሠራው ጥልቀት በሌለው ውሃ ስለነበር በጅቶታል።

«የበለፀገው ኦክስጅኑ ነው» አልኩት። «ናይትሮጂኑ ስለሚያንስ ላይ ላዩን ስትሠራ ብዙ ያቆይሃል። የእናንተውን ይዘህ ከሠላሳ ሜትር ብዙ ካለፍክ ግን ኦክስጅኑ ራሱ መርዝ ይሆናል። ያንቀጠቅጥሃል፤ መተንፈሻው ካፍህ ይወልቃል።»

ፈገግታው ጠፋ። «ተራውስ?»

«እሱ አይመርዝህም፤ እዚያ ድረስ ስትወርድ ግን ናይትሮጂኑ ያሰክርሃል። ሰክረህ ብሎን ልትፈታ? ሂሊየም አያሰክርም፤ እሱ ያለበት ድብልቅ ጠይቃቸው። ከሌላቸው አትወርድም።»

«እሱ ድምፅ ያቀጥናል አሉ። እንደ ጫጩት።»

«ጫጩት ሆነህ ውጣልኝ።»

«ግን ናይትሮጂኑ ለምን ያሰክራል?»

«አላውቅም» አልኩት። ስናገረው ቀለለኝ። «መጽሐፉም አይናገርም። እንደሚያሰክር ግን አውቃለሁ።»

ጄሪካኑን አስቀምጦ፣ እዚያው ደረጃው ላይ፣ ለአለቃው ደወለ።