ቢጫ መሙያ ያለው ሰዓት

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም «ሰዓት ከእጄ ላይ አስፈታችኝ» እያለ በየሰርጉና በየለቅሶው እንደሚያወራ ሰምቻለሁ። እስከዛሬ ዝም ብያለሁ። ዝምታዬን እንደ ጥፋተኛነት የሚቆጥሩት ሰዎች እየበዙ ስለሄዱ ግን የሆነውን እንደሆነው ልጽፍ ተነሣሁ። የማንንም ስም አልጠራም። የሚያውቁት ያውቁታል፤ ለማያውቁት ደግሞ ስሙ አይጠቅማቸውም። ፊት ለፊት «እርስዎ» ስለው ኖሬያለሁ። ወረቀት ላይ «እሱ» ብለው ይበቃዋል።

ባለቤቴ ሰዓት ሠሪ ነበር። ሲግናል በሚባለው ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ፊቷ መስታወት የሆነ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችው። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ምሳ ይዤለት ስሄድ ከጠረጴዛው ጎን በርጩማ ላይ እቀመጥና አብረን መንገዱን እናያለን። ጨዋታችን አንድ ነበር፦ መኪና መጥቶ ሲቆም፣ ሰውየው ሳይወርድ፣ ምን ዓይነት ሰዓት እንዳሰረ መገመት።

«ይኼስ?» ይለኛል።

«ወፍራም ነጭ ብረት። ሰንሰለቱ ላላ ያለ።»

«ተሸወድሽ። መኪናው የሚስቱ ነው። መቀመጫውን ወደ ኋላ ሲገፋ አላየሽም? ቆዳ ማሰሪያ ነው፣ ያውም የተበላ።»

ሰውየው ወርዶ እጁን ሲዘረጋ ብዙ ጊዜ ባለቤቴ ልክ ይሆናል። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ግን ጨዋታው ተበላሸብን። ከትልልቅ የመንግሥት መኪና የሚወርዱት ሰዎች እጃቸው ላይ ጥቁር የላስቲክ ሰዓት ነበር ያለው። «አሁንስ አበቃልህ» ብዬ ሳቅሁበት። «ቆይ፣ ታያለሽ» አለኝ። ብዙ ሳይቆይ ሰዓቱ መኪናውን ደረሰበት።

አንድ አባባል ነበረችው። «ሰዓትና መኪና ካልገጠሙ፣ ከሁለቱ አንዱ የሰው ነው» ይላል። እሱ ለጨዋታ ነበር የሚላት። እኔ ሕግ አድርጌ ያዝኳት፤ ጥፋቴም ከዚያ ይጀምራል።

የራሱ ሰዓት ነጭ ብረት፣ ገጹ ጥቁር፣ በእጅ የሚሞላ አሮጌ ነበር። ከጎን ያለችው መሙያ ተሰብራበት ምትክ ሲያጣ ከሌላ ሰዓት ቢጫ መሙያ አውልቆ ገጠመለት። «የሰው ጥርስ ያስተከለ ሽማግሌ መሰለ» እያልኩ አበሽቀው ነበር። ለአንዲት ልጃችን ቃል የገባላትም ይኼንኑ ሰዓት ነው። ሲታመም እጁ እየከሳ ሄደ፤ እኔም ማሰሪያው ላይ በወስፌ ቀዳዳ እየጨመርኩለት ሄድኩ። የሞተ ዕለት ጠዋት ሰዓቱ እጁ ላይ ነበር። ራሴ ነኝ የሞላሁለት።

ከዚያ እኛን ሴቶቹን አስወጡን። ክፍሉ ውስጥ የቀሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ በእድራችን የወንድ ሬሳ የሚገንዙ አንድ ሽማግሌ፤ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወጣው መንገድ ላይ የሚኖሩ፣ በእግራቸው ወርደው በእግራቸው የሚመለሱ ሰው። ሁለተኛው እሱ፣ የባለቤቴ ወንድም። በሩ ሲከፈት ባለቤቴ ተገንዞ አልቋል።

በሦስተኛው ቀን ሰዓቱን ፈለግሁ፣ አጣሁ። እሱን ጠየቅሁት።

«እኔ ምንም አላየሁም። እንባ በዓይኔ ሞልቶ ምን ይታየኛል?» አለ።

አመንኩት። ለምን አላምነው? ሲ.ኤም.ሲ ቪላ አለው። አዲስ ነጭ መኪና ይነዳል፤ እጁ ላይ ያለው ወርቃማ ሰዓት ደግሞ የመኪናው ታናሽ ወንድም ነው የሚመስለው። ገጥመዋል። ስለዚህ ድንኳን ውስጥ፣ ሴቶቹ «ምነው ተከዝሽ?» ሲሉኝ፣ «ሰዓቱ ጠፋ። የገነዙት ያውቃሉ» አልኩ።

የገነዙት ያውቃሉ። ሁለት ቃል ናት። በሰባተኛው ቀን ቤት ለቤት ስትዞር ነበር።

ከአርባው በኋላ ሽማግሌውን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አየኋቸው። እግራቸው ላይ የጎማ ጫማ፤ ከጋቢው ሥር ብቅ ያለው እጃቸው ላይ ግን የብረት ሰዓት። መኪና ቀርቶ ታክሲ የማይሳፈር ሰው! ቀርቤ አላየሁትም። ማየት አላስፈለገኝም፤ ሕጌ ነበረኝ። ለሴቶቹ ነገርኳቸው፣ እነሱም ነገሩ። አሁን ሁሉም «እኛስ መች አምነን!» ይላሉ። ያን ጊዜ ግን ከንፈር ያልመጠጠች አልነበረችም።

በእኛ ሰፈር ሰው አይከሰስም፤ አይጠራም እንጂ። ቀጥሎ ሰው ሲሞት ከሌላ እድር ገናዥ ተለምኖ መጣ። ሽማግሌው ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው ንፍሮ ሲዞር እንኳ ዘለላቸው። ሌላም ሰው ሞተ፤ እንደዚያው ሆነ። ከዚያ በኋላ ለለቅሶም መውረድ ተዉ።

የባለቤቴ ሙት ዓመት በተቀበረበት በእንጦጦ ማርያም ነበር። እሱ፣ ወንድሙ፣ «በመኪናዬ አደርሳችኋለሁ» አለ። አልወደድኩትም፤ ግን ለካህናቱና ለነዳያን ያዘጋጀነው ዳቦ በታክሲ የሚወጣ አልነበረም። ጸሎቱ አልቆ ልጄ ከጎረቤቶች ጋር ቀድማ ወረደች። ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሦስት ነን፦ እሱ መሪውን ይዞ፣ ሚስቱ ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ ባዶ ቅርጫቶች መሀል።

መንገዱ ቁልቁለት ነው። ጭጋጉ ከባሕር ዛፉ ላይ ገና አልተነሣም። አንድ መታጠፊያ ላይ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች መንገዱን ሞልተውት ነበርና ድንገት ፍሬን ያዘ። መሪውን ሲጨብጥ የኮቱ እጅጌ ወደ ላይ ተሰበሰበ። ወርቃማው ሰዓት የለም። በቦታው ነጭ ብረት፣ ጥቁር ገጽ። ማሰሪያው አዲስ ነው። ከጎን የወጣችው መሙያ ቢጫ ናት።

ሴቶቹ አልፈው መኪናው እንደገና መንቀሳቀስ ሲጀምር እንኳ ዓይኔን ከእጅጌው ላይ አላነሣሁም።

«ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» አልኩት።

እጅጌውን ወደ ታች ሳብ አደረገ። ከዚያ፣ በዚያ ቁልቁለት ላይ፣ በአንድ እጁ መሪውን እንደያዘ ሌላውን ደረት ኪሱ ውስጥ ከቶ ሞባይሉን አወጣ።

«ኧረ መንገዱን እይ!» ጮኸች ሚስቱ።

«አምስት ሊሆን ነው» አለ።

«እጅዎ ላይ ያለው ቆሟል እንዴ?»

«ምን?»

«የእጅ ሰዓትዎን ነው የምለው። እሱ እኮ በየጠዋቱ ካልተሞላ ይቆማል።»

ሚስቱ ዞራ እጁን አየች። መኪናው ፈጠነ። ቀጣዩን መታጠፊያ ስንዞር ቅርጫቶቹ እላዬ ላይ ወደቁ፤ የተቃጠለ ፍሬን ሸተተኝ። ፈርቼ ነበር። እንዳይታወቅብኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ያቁሙልኝ» አልኩ። አላቆመም። «ጋሼ፣ ያቁሙ!» ስል መንገዱ ዳር ወጥቶ ቆመ፤ ሞተሩን ግን አላጠፋም።

«የወንድሜ ነው» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር። «የአንድ እናት ልጆች ነን። በሙት ዓመቱ ቀን ለማስታወሻ ባስረው ምን ነውር አለው?»

«ነውር ከሌለው ለምን ደበቁት?»

«ማን ደበቀ?»

«አላየሁም ብለውኛል። እንባ ሞልቶብኝ ነበር ብለውኛል። እኚያ ሽማግሌ ዓመት ሙሉ ሌባ ሲባሉ እርስዎ ዝም ብለዋል።»

ይኼኔ ዞረ። «ሌባ ያልሻቸው አንቺ ነሽ» አለኝ። «እኔ አፌን ከፍቻለሁ?»

ከነገረኝ ነገር ሁሉ ይቅር ያላልኩት ይህችን ነው፤ እውነት ስለሆነች።

«በናትህ ፈትተህ ስጣት!» አለች ሚስቱ። «ለዚህ ዝገት ነው ገደል ልትከተን የነበረው?» የራሷ እጅ ሲወዛወዝ ያብለጨልጫል። «እትዬ፣ ዝገቱ ከእርስዎ ይሻላል» ልላት አሰብኩ፤ አላልኳትም። አሁን ብያታለሁ።

እሱ ፈታው። ሳያየኝ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። እኔም ተቀበልኩ። አልነጠቅሁም፣ አልጮኽኩም፣ አልተራገምኩም። «አስፈታችኝ» የሚለው ይኼንን ነው። ወንድሙን አይወድም ነበር አልልም፤ ምናልባት እውነትም ለማስታወሻ ፈልጎት ይሆናል። ለሌላ ሰው ስም ግን አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው፣ አልሰጠም።

ከመኪናው ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። የሽማግሌው ቤት በዚያው መንገድ ላይ ነው። ሰዓቱን ጨብጬ ስደርስ አጥር እያበጁ ነበር።

«አባቴ፣ ተገኘ» አልኳቸው።

አዩት፤ አልነኩትም። «ማን ዘንድ?»

«ወንድሙ ዘንድ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ሲፈታው አይቻለሁ። ወንድም ነው፣ ለልጅቷ ሊያስቀምጥላት ይሆናል ብዬ ፊቴን አዞርኩ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ዓይኔ እጃቸው ላይ ወዳለው ሰዓት ሄደ። ገባቸው። እጃቸውን አንሥተው ወደ ፊቴ አቀረቡት።

«ይኼን ነው የምታዪው? ባልሽ ነው የሰጠኝ። አባቱን ስገንዝለት ዋጋ አልቀበልም ስለው፣ ከትርፍራፊ ዕቃ ገጣጥሞ ሠራልኝ። ለበዓል ብቻ ነበር የማስረው። እሱ ከሞተ በኋላ ግን በየቀኑ አሰርኩት።»

ባለቤቴ ለሰው የሚሰጠውን ለእኔ አይነግረኝም ነበር። ይኼንንም ይዤበታለሁ። በዚያች ጠባብ ክፍል የስንቱን ሰዓት ከስንቱ መኪና ጋር ስናስተያይ፣ እኔ አንድም ቀን የእግረኛ እጅ አይቼ አላውቅም።

«ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«የት ነው ያልሽው?»

«ድንኳን ውስጥ።»

«እንግዲያው ድንኳን ውስጥ መልሺው። እዚህ እኔ ደጅ ላይ ብትናገሪ ከባሕር ዛፉ በቀር ማን ይሰማሻል?» ብለው ወደ አጥራቸው ተመለሱ።

ድንኳን የሚተከለው ሰው ሲሞት ነው። የማንንም ሞት ተመኝቼ አላውቅም፤ በእነዚያ ወራት ግን የሰፈሩን በሽተኛ ሁሉ ስቆጥር ነበር። «እንዴት አደረ?» ብዬ ስጠይቅ ቤተሰቡ ደግነት ይመስላቸዋል። «ተሻለው» ሲሉኝ ደስ የሚለኝ ግማሼ ብቻ ነበር። ሽማግሌውም አርጅተዋል። እሳቸው ከቀደሙስ? በራሳቸው ድንኳን ውስጥ ቆሜ ብናገር ምን ይጠቅማቸዋል? የእድሩ ጥሩንባ በተነፋ ቁጥር ስማቸው እንዳይጠራ ጆሮዬን አቁሜ እሰማ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን ሞቱ። ጠዋት ልጄን ወደ ላይ ላክኋት፤ «እናቴ ዛሬ ልትናገር ነው በያቸው» ብዬ። መጡ። ድንኳኑ ጥግ፣ የድሮ ቦታቸው ተቀመጡ። የእድሩን ዳኛ አስፈቅጄ ቆምኩ። የተዘጋጀሁት ብዙ ነበር፤ የወጣኝ ግን ጥቂት ነው።

«ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ‹የገነዙት ያውቃሉ› ብዬ ነበር» አልኩ። «ሰዓቱ የተገኘው ቤተሰብ እጅ ነው። እኚህ አባት አልነኩም። እጃቸው ላይ ያለውን የሰጣቸው ራሱ ባለቤቴ ነው። ስማቸውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ከሴቶቹ አንዷ «እኔስ ድሮም…» ብላ ጀመረች፤ ዳኛው በዓይናቸው ዝም አሰኟት። ከዚያ ወደ ጥጉ ዞሩና «አባታችን፣ ሬሳው እየጠበቀ ነው» አሉ።

ሽማግሌው ተነሡ። ወደ ሟቹ ቤት ሲሄዱ እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ፊቴ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ሰዓታቸውን ፈቱና መዳፌ ላይ አኖሩት።

«ያዢው» አሉኝ። ገቡ።

እስኪወጡ ድረስ በሁለት እጄ ይዤው ቆምኩ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ሲወጡ እጃቸውን ታጠቡ፣ አደረቁ፣ ከዚያ ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። አሰርኩላቸው። ምሕረት ይሁን ስድብ፣ ፊታቸው ላይ ፈልጌ አጣሁት።

ቢጫ መሙያ ያለውን ልጄ ታስረዋለች። ሽማግሌውም እስከ መጨረሻቸው ይገንዙ ነበር። በሄዱበት ቤት ሁሉ፣ ከመግባታቸው በፊት፣ ሰዓታቸውን ፈትተው በር ላይ ለቆመ ሰው ይሰጡ ነበር። እሳቸውን ተክተው የሚገንዙት ወጣቶች ዛሬም እንደዚያው ያደርጋሉ። ውኃ እንዳይነካው ይመስላቸዋል።