አባዬን ቀጭኑን ጠመንጃ አስመረጥኳቸው

ዛሬ ጠዋት ከሞጣ ወጣ ብሎ ካለ ዳገት ላይ፣ በአንድ እጄ ነፍሷ ያልወጣች ቆቅ፣ በሌላው ቢላዋ ይዤ አባቴን ስጠብቅ ነበር።

አባዬ ከታመሙ ወዲህ እህል አልቀምስ ብለዋል። ትናንት ከቢቸና ልጠይቃቸው ስመጣ ግን "የቆቅ ሥጋ ቢሆን እበላ ነበር" አሉኝ።

ሁለት የወፍ ጠመንጃ አላቸው። ዛሬ ለአደን ልንወጣ ስንል ወፍራሙን ሲያነሡ፣ "አባዬ፣ እሱ ትከሻዎን ይሰብረዋል። ቆቋንም እዚያው ይገድላታል፤ ሳትታረድ ከሞተች ደግሞ አትበላም። በቀጭኑ ይተኩሱ" አልኳቸው።

"ይሄ የልጅ መጫወቻ!" አሉና እየሳቁ ያዙት።

እውነትም ከዳገቱ ግርጌ ሆነው ሲተኩሱ፣ ቆቋ ቆስላ ብቻ ከላይ ወደቀች። ሮጬ አነሣኋት። አባዬ ግን ከዘራቸውን ተደግፈው ትንሽ ወጣ ይሉና ያርፋሉ።

ሴት እንደማታርድ ከልጅነቴ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። (ሰፈራችን ውስጥ ዶሮ ታቅፋ አላፊ ወንድ የምትለምን ሴት ብርቅ አይደለችም።) እዚያ ዳገት ላይ ግን የሚያልፍ ሰው አልነበረም።

"አባዬ፣ ቶሎ ይበሉ!"

"መጣሁ! አንቺ ብቻ አጥብቀሽ ያዣት!"

ልቧ መዳፌ ውስጥ ሲመታ ቆይቶ ቀጥ አለ።

ደርሰው አዩዋት። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆሙና፣ "ቢላዋው እጅሽ ላይ አልነበረም እንዴ?" አሉኝ።

ደግፌያቸው ወደ ቤት ተመለስን። ምሳም ሳይቀምሱ ተኙ።

እናንተ ቤት ወንድ ሲጠፋ ማን ያርዳል? እኔ ብሆን አርዳት ነበር የምትል ካለች፣ ትንገረኝ።