የዶሮዋ ኔታና የአርባ አራት ዶላሩ ደረሰኝ

እዚህ መንደራችን ግሩንባክ ውስጥ የዶሮዋ ኔታ ስል ማንን እንደምል የማያውቅ የለም። በቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ላይ ስሟ አጋኔታ ፌር ነው። ችግሩ፣ ከአንድ ቤት ወዲያ ያለችውም አጋኔታ ፌር ናት። ሁለት ወንድማማቾች ሁለት አጋኔታዎችን አገቡና በአንድ ስም ተጠቅልለው ቀሩ። ምን እናድርግ እንግዲህ፣ አንዷን ዶሮ ስለምታረባ የዶሮዋ ኔታ፣ ሌላዋን ባሏ ኮርነሊየስ ቀይ የጡብ ቤት ስለሠራላት የጡቧ ኔታ አልናቸው። እኔ ዩስቲና ነኝ፤ ቤቴ መሀላቸው ላይ ነው። አንዷ መስኮት ስትከፍት ይሰማኛል፣ ሌላዋ በር ስትዘጋ ይሰማኛል። ፈልጌ አይደለም። እሺ፣ ፈልጌም ነው።

የዶሮዋ ኔታ ስልሳ ዓመት ሙሉ በጡቧ ኔታ ስትቀና ኖራለች። ገና ልጃገረድ ሳለን ኮርነሊየስ ከጸሎት ሲወጣ በበረዶ ጋሪው መጀመሪያ የሸኘው የዶሮዋን ነበር። ሁለት እሁድ ሸኛት። ሦስተኛው እሁድ ላይ ጋሪው ላይ የጡቧ ቁጭ ብላ አየናት፣ አዲስ ጓንት አድርጋ። የዶሮዋ የዚያን ጓንት ቀለም እስከ ዛሬ ትነግራችኋለች። በኋላ ታናሹን፣ ኢስብራንድን አገባች። ኢስብራንድ ደግ ሰው ነበር፤ ያለውም ደግነት ብቻ ነበር። ሲሞት ሁለት መቶ ዶሮና የሚያፈስ ጣራ ትቶላት ሄደ።

ያን ጊዜ ነው ለሚሲዮኑ፣ ለወንጌል ላኪው ማኅበር፣ መስጠት የጀመረችው። ሚሲዮኑ ቦሊቪያ ውስጥ፣ ከኛ ዘመዶች መንደር አጠገብ፣ ክሊኒክ አለው። በመጽሔታቸው ላይ አንድ ፎቶ ወጥቶ ነበር፤ ነርስ ሕፃን ሚዛን ላይ አስቀምጣ ስትመዝን። ያንን ሚዛን የገዛነው ከግሩንባክ በመጣ መባ ነው ብለው ጻፉ። የዶሮዋ ኔታ ፎቶውን ቆርጣ ከምድጃው በላይ ሰቀለችው። ሕፃኑ ዛሬ ጢም አብቅሎ ይሆናል፣ እሷ ግን አሁንም "ሚዛኔ" ነው የምትለው። "ከመሞቴ በፊት ሚዛኔን በዓይኔ ባየው" ትላለች፣ እንቁላል እየጠረገች።

የኛ ሰው ስንት እንደሚሰጥ አይናገርም። መናገር ማለት በውስጥ ልብስ ገበያ መውጣት ማለት ነው። በየዓመቱ ጥር ላይ ለያንዳንዱ ቤት ሃምሳ ሁለት የሚሲዮን መባ ፖስታ፣ ለየእሁዱ አንድ፣ ያለበት ካርቶን ይሰጠዋል፣ ፖስታዎቹ ላይ ቁጥር አለ፣ ስም የለም። ቁጥሩ በየዓመቱ ይቀየራል። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚያውቀው ገንዘብ ያዡ ጌርሃርድ ብቻ ነው። የካቲት ላይ ደግሞ የዓመቱን መባ ደምሮ የጻፈበትን የግብር ደረሰኝ በነጭ ፖስታ አሽጎ፣ ቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ ላይ በተደረደሩት የደብዳቤ ሳጥኖቻችን ውስጥ ይከትልናል።

ቁጥሩ ባይታወቅም ውፍረቱ ይታያል። የመባው ሳህን ሲዞር የጡቧ ኔታ ፖስታ እንደ ትራስ ያበጠ ነበር። የዶሮዋ በክርኗ ትነካኛለች።

"አየሽው?"

"አየሁት።"

"የሷ ባል ሦስት ትራክተር አለው። እኔም ሦስት ትራክተር ቢኖረኝ ፖስታዬ በበር አይገባም ነበር።"

እና ባለፈው ጥር፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ተነሥተው ሚሲዮኑ ከኛ አንድ ሰው ወደ ቦሊቪያ እንደሚወስድ፣ የቲኬቱንም ወጪ እንደሚችል ነገሩን። "ስንት እንደሰጠ አልናገርም" አሉ፣ "ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ እሁድ እንኳን ያላሳለፈ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። አጋኔታ ፌር።"

የዶሮዋ ኔታ ብድግ አለች። ሙሉ በሙሉ እንኳን አይደለም፣ ግማሽ። እጇ የፊተኛው ወንበር መደገፊያ ላይ ነበር።

"የኮርነሊየስ" አሉ ሽማግሌው።

ቀሚሷ የተጨማደደ ይመስል ከኋላ አስተካክላ ተቀመጠች። ፊቷን አላየሁም፣ ማየት አልፈለግሁም፤ አንድ ከረሜላ በእጇ አስያዝኳት። እስከ መጨረሻው መዝሙር ድረስ ወረቀቱን ሳትፈታ ያዘችው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት እኔ ጋ እየመጣች የሱፍ ፍሬ በጥርሷ ትሰነጥቅና ስለ ጡቧ ኔታ ትጠይቀኛለች። ሻንጣ ገዛች ወይ፣ ምን ቀለም ነው፣ እዚያ አገር ሙቀት ነው አሉ፣ ወፍራም ሰው ሙቀት ይችላል ወይ። እኔም የማውቀውን ነገርኳት፣ የማላውቀውን ጨመርኩላት። ሻንጣው ሰማያዊ ነው አልኳት። ሰማያዊ ትጠላለች።

የካቲት መጀመሪያ ማክሰኞ ጠዋት፣ በረዶውን ከጫማዋ ሳታራግፍ ገባች። ነጩን ፖስታ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለችው።

"አንብቢልኝ።"

"ማንበብ አልችልም፣ ታውቂያለሽ።"

"ቁጥር ትችያለሽ።"

አየሁት። "አርባ አራት ዶላር ይላል።"

"እኔም አርባ አራት ነው ያየሁት። ዓይኔ ነው ብዬ ነበር።" ተቀመጠች። ከዚያ፣ በስልሳ ዓመት አንድ ቀን ያላደረገችውን አደረገች፤ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። "ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ነው የሰጠሁት።"

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ያን ጊዜ ቀናሁ። እኔ ከሦስት መቶ አልፌ አላውቅም። ዶሮ ያን ያህል እንደሚያስገባ ማን ነገረኝ።

"ጌርሃርድ በልቶታል" አለች።

"ጌርሃርድ የራሱን ምሳ በልቶ ይሁን አይሁን የማያስታውስ ልጅ ነው።"

"ታዲያ ገንዘቤ የት ገባ?"

ሱፌን እየሰነጠቅሁ አሰብኩ። አርባ አራት። እሁዱ ሃምሳ ሁለት ነው። "ኔታ" አልኳት፣ "አምና ስምንት እሁድ ከመንደር የጠፋች ማናት?"

አላሰበችም እንኳን። "ቴክሳስ የከረመችው የጡቧ ናታ። ፀሐይ ልትሞቅ። የስምንቱን እሁድ መባ ከዚያው ልካ ይሆናል ብዬ ነበር።"

"አርባ አራት እሁድ እዚህ ነበረች። አንድ አንድ ዶላር ብታደርግበትስ?"

"ያ ሁሉ ውፍረትስ?"

"ሳንቲሙ እንዳይጮህ በሶፍት ጠቅልላው ይሆናል።"

የዶሮዋ ኔታ ሳቀች። ከኢስብራንድ ሞት ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም፣ ሆዷን ይዛ። "ስሚ፣ ስንት ዓመት በሶፍት ቀናሁ?" አለች። ከዚያ ሳቁ ቆመ። "እና በኔ እንቁላል ቦሊቪያ የምትሄደው እሷ ናት።"

"ካርቶኖቻችሁ ተቀያይረዋል ማለት ነው" አልኩ። "ባንቺ ቁጥር እሷ፣ በሷ ቁጥር አንቺ።"

"ማን ነው የቀያየረው?"

"እኔ እንጃ" አልኩና ሻይ ልጨምርላት ተነሣሁ።

አምና ጥር ጌርሃርድ ወገቡን አሞት ስለነበር ካርቶኖቹን በየሳጥኑ የከተትኩት እኔ ነበርኩ። ካርቶኑና ሳጥኑ ላይ ያለውን የስም ቅርጽ እያመሳሰልኩ። የሁለቱም ኔታዎች ስም አንድ ቅርጽ ነው። በቃ፣ አሁን ተናገርኩ።

ጌርሃርድ ጋ አብረን ሄድን። ልጁ መዝገቡን እንድናይ እንኳን አልፈቀደም፣ በክንዱ ሸፈነው። "እማማ፣ የሌላ ሰው ነገር አልናገርም" አላት። "ግን ስህተት ካለ ሁለቱም ደረሰኞች በባለቤቶቹ እጅ ተመልሰው ይምጡ። ሁለቱንም ሰርዤ ሁለት አዲስ እጽፋለሁ። አንዱ ከቀረ አልችልም፣ መንግሥት ቁጥር በቁጥር ይጠይቀኛል።"

"ጉዞውስ?"

"ጉዞው የሃምሳ ሁለቱ እሁድ ደረሰኝ በስሙ ለሆነ ሰው ነው።"

መጽሔቱ ላይ ያለውን ሚዛን ማየትና አለማየት እንግዲህ በጡቧ ኔታ እጅ ላይ ወደቀ። የዶሮዋ ብቻዋን አልሄድም አለችኝ። ብትለኝም ባትለኝም እሄድ ነበር።

ኮርነሊየስ ጎተራ ነበር። የጡቧ ኔታ የጎመን ሾርባ እያማሰለች አገኘናት፤ ሰማያዊ ሻንጣ በሩ አጠገብ ቆሟል። እንግዲህ እኔ ሻንጣውን ዝም ብዬ ነበር የፈጠርኩት። የዶሮዋ ዞራ አየችኝ።

"ተቀመጡ፣ ሾርባ አለ።"

"አልቀመጥም" አለች የዶሮዋ። ወረቀቱን ማማሰያው አጠገብ አስቀመጠች። "ያንቺ ደብዳቤ እኔ ጋ መጥቶ ነው።"

የጡቧ አነበበችው። ጆሮዋ ብቻ ቀላ። እሳቱን አጠፋች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ እንደገና ጠረገች።

"ያንቺ ደግሞ እኔ ጋ መጥቷል" አለች። "ኮርነሊየስ አይቶታል። መሳቢያው ውስጥ ነው፣ ሐሙስ ለሒሳብ ሠሪው ይወስደዋል።"

"ስታዪው ያንቺ እንዳልሆነ አላወቅሽም?"

"አወቅሁ።"

"እና?"

"ኮርነሊየስ በየእሁዱ ለመባ ሃምሳ ዶላር ይሰጠኛል። የአርባ አራቱን እሁድ ስደምረው ደረሰኙ ሃያ ዶላር ብቻ ነው የሚያንሰው። አንቺ ያን ያህል ትሰጫለሽ ብዬ አላሰብኩም። እግዚአብሔር ሊሸፍነኝ ነው ብዬ..." ወደ ዱቄት ማስቀመጫው ሄደች። ከበስተኋላው የብስኩት ቆርቆሮ አወጣችና ከፈተችው። ብር ነው፣ ዝርግ ብሎ የተደረደረ ብር።

"ለምንሽ ነው?" አለች የዶሮዋ።

"ለምንም። አምና ነው የጀመርኩት፣ ይኑረኝ ብዬ። ይሄ ማሰሮ የሱ ነው፣ ማማሰያው የሱ ነው፣ ጓንት ስገዛ ደረሰኙን አሳየዋለሁ። አንቺ ቅዳሜ ቅዳሜ እንቁላልሽን ሸጠሽ ገንዘቡን ሽርጥሽ ውስጥ ጨምረሽ በመስኮቴ ሥር ስታልፊ... አርባ ዓመት አይቼሻለሁ። ኪስሽን መታ መታ እያደረግሽ ነው የምታልፊው።"

"ይከፈታል ብዬ ነው። ቁልፉ ላልቷል።"

"እኔን ለማናደድ ይመስለኝ ነበር።"

የዶሮዋ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። ሾርባውን በዓይኗ ፈለገችው።

"በጓንትሽ ቀንቼ ነበር" አለች።

"በየትኛው?"

"ተዪው።"

የጡቧ ብሩን በሙሉ ለጌርሃርድ ልስጥና የአምናውን ይሙላልኝ አለች። የዶሮዋ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። "ዘንድሮ የሰጠሽው ለዘንድሮ ነው የሚጻፈው። የአምናው አርባ አራት አርባ አራት ነው። ለኮርነሊየስ ንገሪው።"

"አንቺ ብትነግሪው..."

"እኔ ለባልሽ የምነግረው ነገር የለኝም። ሁለት እሁድ በጋሪ ሸኘኝ፣ አበቃ።"

ረቡዕ ምሳ ላይ ነገረችው። በመስኮቴ ያየሁት ኮርነሊየስ ወጥቶ መፍለጥ የማያስፈልገውን እንጨት እስኪመሽ ሲፈልጥ ነው። ሐሙስ ደረሰኙን ራሱ ለጌርሃርድ መለሰ፤ ስለ ጉዞው ሲጠየቅ "የኔዋ ጉልበቷን ያማታል" አለ። ከዚያ እሁድ ጀምሮ ፖስታውን ሳህኑ ላይ የሚያስቀምጠው በገዛ እጁ ነው፣ ስስ ፖስታ፣ በቼክ። ቆርቆሮውን ግን አልነካባትም። ምን ተባባሉ እንደሆነ አላውቅም፣ ይሄን አለማወቄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የዶሮዋ ኔታ መጋቢት ላይ ሄደች። በማን ሻንጣ? በሰማያዊው። ሦስት ሳምንት ዶሮዎቿን እኔ ስመግብ ከረምኩ። ፖስታ ካርድ ላከችልኝ፤ ጌርሃርድ አነበበልኝ። "ሚዛኑ ተሰብሮ በሌላ ተቀይሯል፣ አሮጌው ግን ጓሮ ውስጥ አለ፣ ቆምኩበት፣ ሰማንያ አንድ ኪሎ" ይላል። ሌላ ነገር የለውም። እኔም በዚህች መስመር ቀንቼ ሁለት ቀን ሾርባ አልበላልኝም፤ ከዚያ ወዲህ መባ ሳልሰጥ አንድ እሁድ አላለፈኝም።

ስትመለስ ከአውቶቡስ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። ፊቷ በፀሐይ ቀልቷል፣ ቀልላለች፣ ስለ ክሊኒኩ ማውራት ጀምራ አላቆመችም። ጡብ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ግን ቆመች። አጥሩ ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከአጥሩ ወዲያ ሠላሳ ነጫጭ ዶሮዎች በረዶ ይጭራሉ፣ የጡቧ ኔታ አዲስ ሽርጥ አድርጋ ቆማለች፣ ባለ ሁለት ኪስ።

"ዩስቲና፣ ምን ይላል?"

"ማንበብ አልችልም።"

"ቁጥሩን።"

"ደርዘኑ በአራት ዶላር።"

የዶሮዋ ደርዘን እንቁላል በአራት ከሃምሳ ነው የምትሸጠው። ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ቦሊቪያ ከፊቷ ላይ ስትጠፋ አየሁ፣ አሮጌው ቅናቷ ተመልሶ ሲገባ አየሁ፣ ጉንጯ ሞላ፣ ወገቧ ቀና አለ፤ በአሥር ዓመት ያነሰች መሰለች።

"አስኳሉ ምን ይመስላል?" አለችኝ በቀስታ።

"ገርጣ ያለ ነው" አልኩ።

እውነቱን ለመናገር ብርቱካናማ ነው። ከሁለቱም እገዛለሁ።