ከላምባው ሱቅ በላይ

አውቶቡሱ ከደብረ ማርቆስ ሊነሳ ሲያጓራ ገና ጎህ አልቀደደም ነበር። እህቴ የትናየት በመስኮቱ እጄን ይዛ፣ «መቼ ታስመጣኛለህ?» አለችኝ።

«የምከፍተው ትምህርት ቤት ፈቃድ ባገኘ ማግሥት፤ ያኔ አንቺን የማኖርበት ገቢ ይኖረኛል» አልኳት።

አባታችን ለመንደራችን ጭቃ ሹም ልጅ ሊድራት ቃል ሰጥቷል፤ ሠርጉ ግንቦት ነው። እሷ የምትፈልገው ስምንተኛ ክፍልን መጨረስ ነው። ስለዚህ፣ አዲስ አበባ ያላችሁ የማርቆስ ልጆች፣ ስለ በርና ስለ ደረጃ ሳወራ አይሰልቻችሁ፤ የማወራው ስለ እሷ ነው።

ኮልፌ ገባሁ። ብርዱ የማርቆስን ያህል አይከፋም፤ የማርቆሱ ግን ቢያንስ ያውቀኛል። እዚህ ሰው ሰላም የሚለው እየሄደ ነው፤ «እግዜር ይመስገን» ልል ዞር ስል ጠያቂዬ ፌርማታው ጋ ደርሷል።

ሐጂ ሽኩር የፎቃቸውን ላይኛ ክፍል አከራዩኝ። ከስር ላምባ የሚሸጥ ሱቅ አለ። እዚያ ላይ ለጎልማሶች ማንበብና መጻፍ ማስተማር ጀመርኩ። ላስረዳችሁ፦ አዲስ ሥራ ንግድ ቤት ሲገባ የማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪ መጥቶ በሩን፣ ደረጃውን፣ ሽቦውን ያያል። ካልፈረመ ይዘጋል። እኔም ተዘጋጀሁ። ግድግዳውን ኖራ ቀባሁ፤ ደንቦቼን በካርቶን ጽፌ ሰቀልኩ። አንደኛ፣ ትምህርት ሲጀመር በሩ ይቆለፋል። ሁለተኛ፣ መምህሩ ሳይፈቅድ ማንም አይነሳም።

ሰኞ በአሥር ሰዓት በሩ ተንኳኳ።

«ያረፈደ አይገባም!» አልኩ።

ደግሞ ተንኳኳ።

«ነገ በሰዓትህ ና!»

«ከማዘጋጃ ቤት ነኝ» አለ ድምፁ።

ቁልፉን ፍለጋ የሱሪዬን ኪስ፣ የኮቴን ኪስ ዳበስኩ። በመጨረሻ ከስም መዝገቡ ስር አገኘሁት። የገቡት አንድ ሸበቶ ሰው ነበሩ፤ ካርቶኑን ቆመው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ፣ ደስ ብሎኝ።

ወደ ተማሪዎቹ ዞረው ድንገት ጮኹ፤ «እሳት! ከስር እሳት ተነስቷል! ውጡ!»

አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። ሠላሳ ሁለት ጎልማሶች እኔን አዩኝ። በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት እማማ ብርቄ እጃቸውን አወጡ። «መምህር፣ እንነሳ?»

ተቆጣጣሪው ባርኔጣቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉ። «ተማሪዎችህ ጨዋዎች ናቸው» አሉኝ። «እንደ ጨዋ ተቀምጠው ይቃጠላሉ።»

ከዚያ ጻፉ፦ ቁልፉ ይነሳ፤ በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፤ በጓሮ በኩል ሁለተኛ ደረጃ ይሠራ።

«ጌታዬ፣ በሩን ዛሬውኑ አስተካክላለሁ፤ ደረጃው ግን...»

«ልጄ፣ እኔ ላምባ ላይ አልፈርምም።»

ወደ ሐጂ ሮጥኩ።

«ደረጃማ አለህ፤ ታዲያ በምን ወጣህ?» አሉኝ።

«ሁለተኛ ነው የሚሉት፣ ሐጂ።»

«አንድ ሰው በሁለት ደረጃ ይወርዳል እንዴ?» ሳቁ። ቆየት ብለው ግን ሳቁን ተዉት። «እሺ፣ እሠራልሃለሁ። ግንበኛዬ ግን ለእርሻ አገሩ ገብቷል፤ ከመስከረም በፊት አይመለስም። እስከዚያ መጋረጃውን ዘግተህ በቀስታ አስተምር። ማን ያይሃል?»

ያን ቀን ሐጂ ያሉኝን ላደርግ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ክፍሉ ድረስ ሄጄ መጋረጃውን ያዝኩ። የእማማ ብርቄ እጅ ግን ከዓይኔ አልጠፋ አለ። መጋረጃውን ትቼ ቁልፉን ከበሩ ነቀልኩ፤ ተማሪዎቼን እስከ መስከረም አሰናበትኩ።

ከዚያ ስልክ ቤት ሄጄ የትናየትን ከማርቆስ ስልክ ቤት አስጠራኋት።

«ወንድም ጋሼ! ፈረሙልህ?»

ስለ ላምባው፣ ስለ ደረጃው፣ ስለ ግንበኛው በቅደም ተከተል አስረዳኋት። እስክጨርስ አዳመጠችኝ።

«ሠርጉ ግንቦት ነው» አለች።

«ትንሽ ታገሺ። ለአባባ ደብዳቤ ልጻፍና ላስፈቅደው...»

«ተወው፤ ማንንም አታስፈቅድ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቅዳሜ ጠብቀኝ።»

የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ ሳልጠይቅ መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ባስጠራት ነገሩ ይታወቅባታል። ሁለት ቅዳሜ አውቶቡስ ተራ ውዬ ብቻዬን ተመለስኩ።

ወደ አገር የምትጽፉ፣ አደራ፣ ይህን አትጻፉ። ቅዳሜ በዚያ የምታልፉ ግን፣ ቀጠን ያለች ናት፤ ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አላት፤ ከተማውን አታውቀውም። ግርግሩ ከልሎኝ ሳላያት ብቀር፣ እናንተ አትለፏት።